ከፈጣም ማዶ የቀለስናት ጎጆ

ከቡሬ ወደ ደቡብ የሚሄድ ሰው ደጋው ድንገት ያልቅበታል። ከተማዋ ከባሕር ወለል 2000 ሜትር አልፋ ተቀምጣለች፤ አባይ ደግሞ ከ1000 ሜትር ባነሰ ከፍታ ላይ ይፈሳል። በሁለቱ መካከል ያለው ቁልቁለት፣ ገደልና ዱር ቆላ ነው። ደጋው ላይ መሬት የጠበበው ገበሬ ክረምት ሊገባ ሲል በሬውን እየነዳ፣ ሞፈሩን ተሸክሞ ወደዚያ ይወርዳል። ሞፈር ዘመት እንለዋለን። በቆሎና ሰሊጥ ዘርቶ፣ አርሞ ይመለሳል፤ በቆሎው እሸት ሲይዝ ከዝንጀሮና ከከርከሮ ሊጠብቅ እንደገና ይወርዳል። እህሉ በአህያ ተጭኖ ደጋ ሲገባ ሁሉም ሰው ያየዋል። ጠባቂው ሌሊቱን የት እንዳደረ የሚጠይቅ ግን አላጋጠመኝም። እኔ እዚያ አድሬአለሁ። አብሮን ያደረ አንድ ልጅ አልተመለሰም። ይህን የምጽፈው ስለ እሱ ነው፤ ዛሬም ወደዚያ ስለሚወርዱት ነው።

1995 ዓ.ም. እያለቀ ነበር። የፍኖተ ሰላም ልጅ ነኝ፤ ከተማ ተወልጄ ከተማ የተማርሁ፣ ቤት ሲሠራ አይቼ እንጂ ሠርቼ የማላውቅ። የእናቴ ወንድም ቡሬ አጠገብ ያርሳል፤ ከፈጣም ወንዝ ማዶ ደግሞ የእኩል የሚያርሰው የቆላ ማሳ ነበረው። በነሐሴ መጥቶ እናቴን "ልጁን ስጭኝ፣ ለመስቀል እመልስልሻለሁ" አላት። አያ እያልሁት ነው ያደግሁት፤ ደስ ብሎኝ ተከተልሁት።

ማሳው ዳር ካለፉት ዓመታት የቆየች ጎጆ ነበረች። ውሃ እንዲቀርብ ተብሎ ከአንዲት ጅረት አጠገብ የተቀለሰች ናት። ቀን ማማው ላይ ቆመን ወንጭፍ እንወነጭፋለን፣ እንጮኻለን፤ ሲመሽ እሷ ውስጥ እንገባለን። ጳጉሜን ሊገባ ሲል አንድ ሌሊት ላይ ደጋው ላይ ከባድ ዝናብ ጣለ። እኛ ዘንድ ካፊያ ብቻ ነበር። ደራሽ ጎርፍ ራስህ ላይ ሳይዘንብም ይመጣል። አያ ድምፁን ከእኔ ቀድሞ ሰማው። "ተነሥ! ወደ ላይ!" ብሎ በክንዴ ጎተተኝ፤ ዳገቱን በእጃችንም በእግራችንም ወጣነው። ዞር ስል የማየው ነገር አልነበረም፣ ጨለማ ነው። ድንጋይ ከድንጋይ ሲጋጭ ግን ይሰማል።

ሲነጋ ጎጆዋ የነበረችበት ቦታ ላይ አሸዋ ተኝቷል። ዱቄቱ፣ ጨው፣ ድስቱና ብርድ ልብሱ ሄደዋል። የተረፈልን ማማው ላይ የተውነው ነው፤ ገጀራና መጥረቢያ፣ ሁለት ጆንያ፣ አንድ ቁራጭ ላስቲክ፣ አንድ ጣሳ። አያ ክብሪቱን በፌስታል ጠቅልሎ ኪሱ ውስጥ ይይዝ ስለነበር እሱም ተርፏል። በወረቀት የታጠፉ ሦስት የወባ መድኃኒት፣ የፋንሲዳር ፍሬዎችም ከክብሪቱ ጋር ነበሩ።

ወደ መልካው ወርደን ፈጣምን አየነው። ከዳር እስከ ዳር ሞልቶ፣ ቀልቶ፣ ግንድ ይዞ ይወርዳል። በጤናው የሚዋኝ ሰው እንኳ አይደፍረውም። በወምበርማ በኩል ዞሮ መውጣት ይቻላል ይባል ነበር፤ ይህ ግን ለጤነኛ ሰው ሙሉ ቀን የሚፈጅ አቀበት ነው። ተንቀሳቃሽ ስልክ ገና አገሩን አልያዘም። አያ ውሃውን ቆሞ ሲያይ ትከሻው ሲንዘፈዘፍ አየሁ። ብርድ ነው አለኝ። ፀሐይ ወጥታ ነበር።

ማማው ላይ ማደር አይቻልም፤ አራት ቋሚና የእንጨት ርብራብ ነው፣ ጣራ የለውም። ስለዚህ ቤት መሥራት ነበረብን። አያ ግን መጀመሪያ እንጨት አላስቆረጠኝም። መሬት አስመረጠኝ። ትልቅ ዋርካ ነበረና ሥሩ እንግባ ስለው ከለከለኝ፤ መብረቅ ይወደዋል፣ የደረቀ ቅርንጫፍም በሌሊት ይጥላል አለ። የተረተሩ አናት ነፋስ አለው። ሜዳው ውሃ ያቆራል። በመጨረሻ ከተረተሩ ጎን፣ ጠጠር የበዛበት፣ ትንሽ ያዘነበለ መሬት አገኘን። በጣሳ ውሃ አስመጥቶኝ አፈሰሰውና ቁጭ ብሎ አየው። ውሃው ሳይቆም ወደ ታች ሄደ። "እዚህ" አለ።

ቀጥሎ ቦይ ነው። በሾለ እንጨት ከላይ በኩል እንደ ማጭድ የጎበጠ ቦይ አስቆፈረኝ፤ ከዳገቱ የሚወርደው ውሃ ቤቱን ግራና ቀኝ ዞሮ እንዲያልፍ ነው። ገና ቤቱ የለም፣ ቦዩ ግን አለ። ያኔ ነገሩ የተገላቢጦሽ መስሎኝ ነበር። ከዚያ ወዲህ ብዙ ጊዜያዊ መጠለያ አይቻለሁ፤ ጣራቸው ሳያፈስ ወለላቸው ጭቃ የሆነውን ሁሉ ሳይ የአያ ቅደም ተከተል ትክክል እንደነበር አውቃለሁ። ሰውን የሚገድለው ከላይ የሚወርደው ብቻ አይደለም፣ ከታች የሚገባው ርጥበትም ነው።

ሁለት ባላ ከአባሎ ቆረጥሁ። አባሎ ከባድ ነው፣ ገጀራ ይመልሳል፤ ግን አይጎብጥም። እስከ ክርኔ ድረስ ቆፍሬ ተከልኋቸው፣ ዙሪያቸውን በጠጠር ረገጥሁ፣ አግዳሚውን ጫንሁበት። ክቧን ጎጆ ለመሥራት ምሰሶ፣ ጉልላት፣ ብዙ እጅ ይፈልጋል፤ ለእኛ የበቃን ከሁለት ወገን ወጋግራ የተደገፈበት፣ ዳስ መሰል ነገር ነው። ለማገር ክትክታ ቆረጥሁ፣ ቀጥ ያለና የሚታጠፍ ነው። ማሰሪያው የግራር ልጥ ነበር። በክረምት ግራር ውሃ ስለሚይዝ ልጡ ያለ ችግር ይላጣል፤ አያ ተቀምጦ በጥርሱና በእጁ እየሰነጠቀ ያቀብለኝ ነበር። እጁ ይንቀጠቀጣል፣ የሚያስረው ቋጠሮ ግን አይላላም። ምስጥ እንዳይበላው እንጨቱን ልላጠው ብለው "ለሰሞን ቤት ምስጥ አያሳስብም፣ ዝናቡን ቅደመው" አለኝ።

ክዳኑ አስቸገረን። ሰንበሌጥ የሚታጨደው በኅዳር፣ ሲደርቅ ነው። በጳጉሜን ያለው ሰንበሌጥ እርጥብ ነው፤ ይከብዳል፣ ሲጠወልግ ይሟሽሻል፣ መካከሉ ይከፈታል። መፍትሔው ሁለት ነው፤ ጣራውን ከወትሮው አብልጦ ማቆም፣ ሣሩን ደግሞ ማብዛት። ከታች ከጠርዙ ጀምረህ ወደ ላይ ትደረድራለህ፣ የላይኛው የታችኛውን ግማሽ እንዲያለብስ። ላስቲኩን ከላይ ላንጥፈው ስል አያ አስወረደኝና ከሣሩ በታች፣ መኝታው ትይዩ አስዘረጋኝ። ከላይ ቢሆን ነፋስ በአንድ ሌሊት ይቀደዋል፤ ከሣር ሥር ሲሆን ግን ነፋስ አያገኘውም። በሩን ወደ ደጋው አዞርነው፤ በዚያ ሰሞን ዝናቡ የሚመጣው ከአባይ ማዶ፣ ከወለጋ በኩል ነበርና። ውስጥ በአራት አጫጭር ባላ ላይ ቆጥ ሠራሁ፣ ቅጠልና ሣር ጎዘጎዝሁበት። ከመሬት አንድ ክንድ ከፍ ማለት ከእባብም ከጉንዳንም ከርጥበትም ያድናል። ሲመሽ ገባን። ያ ሌሊት ዘነበ፤ አንድ ጥግ ላይ ጠብ ጠብ አለ እንጂ ቤቱ ቆመ።

እሳቱን አፉ ላይ አነደድነው። እርጥብ እንጨት ሁሉ እርጥብ አይደለም፤ ቆሞ የደረቀውን ቅርንጫፍ መርጠህ ቅርፊቱን ብትልጠው ውስጡ ደረቅ ነው። አያ ስለ አባቱ ያጫወተኝ እዚያ እሳት ዳር ነው። አባቱ በጣሊያን ጊዜ ከአርበኞች ጋር በዚሁ ቆላ ከርሟል። እነሱ ጎጆ ሲቀልሱ ከሩቅ እንዳይታይ ነበር፤ ቀን እሳት አይነድም፣ ጭስ ከወጣ አውሮፕላን ይመጣል። አፄ ኃይለ ሥላሴ በጥር 1933 ኦሜድላ ላይ ድንበር ተሻግረው በበላያ በኩል ሲገቡ፣ ጣሊያንም በየካቲት መጨረሻ የቡሬን ምሽግ ለቆ ሲወጣ፣ ከእነዚህ ጫካዎች የወጡ ሰዎችም መንገድ መርተዋል ይባላል። የእኛ ፍላጎት ደግሞ ተቃራኒው ነበር። "እኛ እንድንታይ ነው" አለ አያ፤ ቀን ቀን እሳቱ ላይ እርጥብ ቅጠል እንድጭን አዘዘኝ። ጭሱ ቀጥ ብሎ ይወጣ ነበር።

ጭሱን አይቶ የመጣው ግን ከደጋ አልነበረም። ከማዶው ተረተር፣ የሰው ሰሊጥ የሚጠብቅ ልጅ ነው። ዕድሜው ከእኔ ያንሳል። ከሰቀላ በኩል መጥቶ ለወቅቱ የተቀጠረ ነበር፤ ቤት አልነበረውም፣ ማማ ላይ ጆንያ ተከናንቦ ነው ያደረው። ሲደርስ ጥርሱ ይፋጫል። ውሃ ጠይቆን፣ ጠጥቶ፣ ወዲያው መለሰው። ቆጡን ለእሱና ለአያ ለቀቅሁ፤ በማግሥቱ ወጋግራ ጨምሬ ቤቱን አስረዘምሁት፣ ሁለተኛ ቆጥ ሠራሁ። የምንበላው አልጠፋም፣ የበቆሎ እሸት ነበር። እየጠበስሁ አቀርባለሁ፤ ሁለቱም ማሽተት እንኳ አልቻሉም። ውሃ በጣሳ አፍልቼ በጠብታ አጠጣኋቸው።

ፋንሲዳሩ ሦስት ፍሬ ነው፣ የአንድ አዋቂ ሰው መጠን። አያ ሦስቱንም ለልጁ ሰጠው። እኔ ለአያ እንዲሆን ፈልጌ ነበር፤ እንዲህ ማሰቤን አልደብቅም፣ የሥጋ ነገር ነው። "እሱ እናት አለችው" አለኝ አያ፣ ነገሩም አለቀ። ልጁ አንድ ቀን አላበውና ቀና አለ፤ በቆሎ ቀመሰ፣ ስለ ታናሽ እህቱ አጫወተኝ። በማግሥቱ ትኩሳቱ ብሶ ተመለሰ። በኋላ እንደሰማሁት ያ መድኃኒት በዚያ ዓመት በብዙ ቦታ ወባውን ማሸነፍ ተስኖት ነበር፤ በአገሪቱ በተደረገ ፍተሻ ይህ ታይቶ በ1996 ዓ.ም. መጨረሻ ጤና ጥበቃ ፋንሲዳርን ትቶ ኮአርተምን የመጀመሪያ መድኃኒት አደረገ። ለእኛ ሳይደርስ ነው።

ቤቱን ከዝናብ፣ ከነፋስ፣ ከጎርፍ ጠብቄዋለሁ። ከወባ ትንኝ ግን አልጠበቅሁትም፤ በሣርና በእንጨት የሚጠበቅም አይደለም። ትንኟ ከምሽት እስከ ንጋት ትመጣለች። የምትራባው ዝናብ ባባራበት ሰሞን፣ ኮቴ ያቆረው ውሃ ውስጥ ሳይቀር ነው፤ ስለዚህም ነው በአገራችን ወባ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ የሚከፋው። ጭሱ ጥቂት ያባርራታል፣ ፍሙ ሲከስም ትመለሳለች። በዚያች ጎጆ ውስጥ የጎደለን ቢኖር አንድ አጎበር ነው።

ዘመን ሲለወጥ እዚያው ነበርን። ልጁ ራሱን ሳተ፤ ሰውነቱ እየተገተረ ይንቀጠቀጣል፣ ስጠራው አይሰማም። አገሬው "ወባው ጭንቅላቱ ላይ ወጣ" የሚለው ይህን ነው። አያ ከራሱ ትኩሳት ጋር እየታገለ ተነሥቶ የልጁን ራስ ታፋው ላይ አደረገ፣ ዳዊት በቃሉ ደገመለት። ጎህ ሲቀድ እስትንፋሱ ቆመ። በጋቢዬ ከፈንሁት። እንስሳ እንዳይደርስበት ቆጡ ላይ እንዳለ ተውሁት፣ እሳቱንም ቀኑን ሙሉ አላጠፋሁትም። አለቀስሁ። አያ ግን አላለቀሰም፤ "የማን ልጅ እንደሆነ ሳልጠይቀው" እያለ ይመላለስበት ነበር።

ዝናቡ ጋብ ብሎ ፈጣም ጎደል ሲል የአያ ጎረቤቶች ከቡሬ በኩል ወረዱ። መልካው ላይ ጠፍርና ገመድ ቀጥለው፣ እጅ ለእጅ ተያይዘው ተሻገሩ። ወዴት እንደሚሄዱ ጭሱ ነው የነገራቸው። ቃሬዛ የሚሆን እንጨት ሲፈልጉ የቤቱን ወጋግራ አሳየኋቸው፤ ቀጥ ቀጥ ያለው እሱ ነበር። ጎጆዋን ነቅለን ሁለት ቃሬዛ ሠራን። አንዱ ሕያው ተሸከመ፣ አንዱ አስከሬን። ልጁን ከቆላው አፋፍ ላይ ካለች ቤተ ክርስቲያን ቀበርነው፤ የክርስትና ስሙን የሚያውቅ ስላልነበረ ቄሱ እግዚአብሔር በሚያውቀው ስም ብለው ፈቱት።

አያ ጤና ጣቢያ ገብቶ ኩዊኒን በደም ሥሩ ተሰጠው፣ ተረፈም። ጆሮው ብዙ ሰንብቶ ይጮህበት ነበር፣ መድኃኒቱ የሚያመጣው ነው። እኔም ፍኖተ ሰላም ከገባሁ በኋላ ተራዬ ደረሰና ተኛሁ፤ ሐኪም ቤት በደጄ ስለነበረ ዳንሁ። በልጁና በእኔ መካከል የነበረው ልዩነት ጉልበት ወይም ዕድሜ አልነበረም፣ ርቀት ነው። ቤተሰቦቹን ለማግኘት የአያ ጎረቤቶች ገበያ ለገበያ ሲጠይቁ ከረሙ። የቀጠረው ሰው እንኳ የሚያውቀው የመጠሪያ ስሙን ብቻ ነበር። እናቱ የሞቱን ወሬ የሰማችው መኸር ከገባ በኋላ ነው።

ያ ዓመት በመላው ኢትዮጵያ ከባድ የወባ ወረርሽኝ የነበረበት እንደሆነ፣ የአማራ ክልልም ክፉኛ ከተጎዱት እንደነበረ የተማርሁት ቆይቼ ነው። አረጋውያን ደግሞ የባሰ ያስታውሳሉ፤ በ1950 ዓ.ም. መጨረሻ ተነሥቶ እስከ 1951 የዘለቀው ወረርሽኝ ከ1600 እስከ 2150 ሜትር ከፍታ ያለውን አገር ሳይቀር አዳርሶ ወደ 150,000 ሰው እንደፈጀ ይገመታል። ቡሬም ፍኖተ ሰላምም በዚህ ከፍታ ውስጥ ናቸው። ወባ የቆላ ብቻ ነው የሚል ሰው ይህን አይርሳ።

ከዚያ በኋላ ብዙ ተሠርቷል፣ ይህን መካድ ግፍ ነው። ከ1997 ወዲህ አጎበር በሚሊዮኖች ታደለ፣ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች በየቀበሌው ገቡ፣ በጣት ደም ወባን የሚለይ ምርመራ ጤና ኬላ ድረስ ደረሰ። ቁጥሩም ለዓመታት ወርዶ ነበር። አሁን ግን ተመልሷል። በ2024 እ.ኤ.አ. ከጥር እስከ ጥቅምት አጋማሽ ብቻ በኢትዮጵያ ከ7.3 ሚሊዮን በላይ ሰዎች መታመማቸውንና 1,157 መሞታቸውን የዓለም ጤና ድርጅት መዝግቧል፤ ከሕሙማኑ 18 ከመቶ ያህሉ በአማራ ክልል ናቸው። ክልሉ ያለበት ጦርነት መንገድ ዘግቷል፣ መድኃኒትና ባለሙያ እንዳይንቀሳቀስ አድርጓል። አጎበሩ ሲታደል ደግሞ የሚቆጠረው በቤት ነው፤ አጎበሩ ደጋ ላይ ቤቱ ውስጥ ይቀራል፣ ሰውየው ግን በመስከረም የሚያድረው ቆላ ማማ ላይ ነው።

ስለዚህ ልመናዬ እንዲህ ነው። ልጁን ወይም ቅጥረኛውን ቆላ የሚሰድ ሰው አጎበር ያስይዘው፤ አራት ባላ ባለበት ሁሉ አጎበር ይሰቀላል፣ ቆጥም ላይ ማማም ላይ። ትኩሳት ከጀመረው በ24 ሰዓት ውስጥ እንዲመረመር፣ ብቻውን ሳይሆን ቢያንስ ሁለት ሆነው እንዲወርዱ ያድርግ። ጎጆ ስትቀልሱ ከጅረት ራቁ፣ ቦዩን አስቀድሙ። የወረዳ ጤና ጽሕፈት ቤቶችም ሞፈር ዘመቱንና ወቅታዊ ሠራተኛውን በነሐሴ፣ ከመውረዱ በፊት ቁጠሩት። ሰው የምትቀጥሩም ሙሉ ስሙን፣ የክርስትና ስሙን፣ የእናቱን ስምና ቀበሌውን ሳትጽፉ ቆላ አታውርዱት።